11.4 ኪሎፓስካል ማለት ምን ማለት ነው?

ከአልትራሳውንድ ሥራዬ ሁሉ ደስ የሚለኝ የጉበት ኢላስቶግራፊ፣ ማለትም የጉበትን ጥንካሬ መለካት ነው። ድሮ ጉበት ውስጥ መርፌ ሳይገባ የማይታወቅ ነገር፣ አሁን ሰውየው ጋደም ብሎ፣ ጎኑ ላይ ጄል ተቀብቶ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። አያምም። ጨረር የለውም። ሲያልቅ ጄሉን ጠርጎ፣ ሸሚዙን ቆልፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

ስለምወደው ግን አንድ ነገር ያበሳጨኛል። ውጤቱ የሚወጣው በአንድ ቁጥር ነው። 5.2። 8.7። 11.4። ከጎኑ ኪሎፓስካል የሚል ቃል አለ፤ በቃ። ሰው ያንን ወረቀት ይዞ ቤቱ ይገባል። ኢንተርኔት ይከፍታል፣ አንድ ሰንጠረዥ ያገኛል፣ ቁጥሩን ከሰንጠረዡ ጋር ያስተያያል። ከዚያ ወይ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፣ ወይ እፎይ ብሎ ክትትሉን ይተዋል። ሁለቱም ሲደርስ አይቻለሁ። ሁለቱም ያሳዝነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ የሚለካው የጉበትን ጥንካሬ ነው፤ ኪሎፓስካልም የጥንካሬው መለኪያ ነው። ጠባሳን አይለካም። ጠባሳ ጉበትን እንደሚያጠነክር እውነት ነው። ጉበትን የሚያጠነክረው ግን ጠባሳ ብቻ አይደለም። ይህችን ልዩነት የያዘ ሰው ወረቀቱን በሌላ ዓይን ያነበዋል። ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከጉበቱ ልጀምር። ጤነኛ ጉበት ለስላሳ ነው። ሲጎዳም ራሱን በራሱ ይጠግናል፤ በዚህ የሚስተካከለው የሰውነት ክፍል ብዙ የለም። ጉዳቱ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ጥገናው መልኩን ይቀይራል። ጉዳቱን የሚያደርሰው የሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። አልኮልም ሊሆን ይችላል። ጉበት ላይ የሚከማች ስብም እንዲሁ። በጉበት ውስጥ ስቴሌት የሚባሉ ሴሎች አሉ። በደህናው ጊዜ ቫይታሚን ኤ ያከማቻሉ። ጉዳት ሲበዛባቸው ጠባያቸው ይለወጥና ኮላጅን የሚባል ክር መሰል ፕሮቲን ማምረት ይጀምራሉ። ጠባሳ የሚሠራው በዋናነት ከኮላጅን ነው። ክሩ ቀስ በቀስ ይበዛል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ በመጨረሻም ጉበቱን ወደ ትናንሽ ጉብታዎች ይከፋፍለዋል። ያኔ ሲሮሲስ ይባላል። ሐኪሞች ይህን ጉዞ ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 4 ብለው በደረጃ ይከፍሉታል። ኤፍ 0 ጠባሳ የለም ማለት ነው፤ ኤፍ 4 ሲሮሲስ ነው።

ክፋቱ ይህ ሁሉ በዝምታ መሆኑ ነው። ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። የጉበት ኢንዛይሞቹ ልክ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ተራ አልትራሳውንድ ላይም ጉበቱ ደህና ሊመስል ይችላል። ብዙ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ሆዱ ውኃ ሲቋጥር ወይም ደም ሲያስታውከው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለጉበት በጣም ይሠራል፤ ቀድሞ ለመድረስ ግን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

የጠነከረ ጉበት መጥፎ ምልክት እንደሆነ ሰው ካወቀ ቆይቷል። ከጥንቱ ሐኪም ከሂፖክራተስ በተወረሱት አባባሎች ውስጥ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ በሽተኛ ጉበቱ ከጠነከረ ነገሩ አስጊ ነው የሚል አለ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ጣታቸውን ከጎን አጥንት ሥር እያስገቡ ጉበትን ሲዳስሱ ኖረዋል። እኔም ሕክምና ስማር የተማርኩት እንዲሁ ነው። ጣት ግን የሚደርሰው ጠርዙ ጋ ብቻ ነው። ጉበቱ ከጎን አጥንት ውጪ ካልወጣ ጭራሽ አይደረስበትም። በዚያ ላይ የአንዱ ሐኪም «ጠንካራ» ለሌላው «ደህና» ነው።

ስለዚህ መርፌ መጣ። ፖል ኤርሊክ በ1883 ከጉበት በመርፌ ናሙና እንደወሰደ ይነገራል። ነገሩ በሰፊው የተለመደው ግን ጣሊያናዊው ሜንጊኒ በ1958 መርፌው ጉበት ውስጥ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ የሚቆይበትን ዘዴ ካሳወቀ በኋላ ነው። ባዮፕሲ የሚባለው ይህ የመርፌ ናሙና ዛሬም ቦታው አለው። የበሽታው መንስኤ ሲያሻማ፣ ለምሳሌ ሰውነት የራሱን ጉበት የሚያጠቃበት ሄፓታይተስ ሲጠረጠር፣ ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ ማየትን የሚተካ የለም። ግን ያማል፤ አልፎ አልፎም ያደማል። የሚወጣው ናሙና ደግሞ ከጉበቱ ከሃምሳ ሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ጠባሳ ጉበት ላይ እኩል አይበተንም፤ መርፌው አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ቢገባ ደረጃው ሊለወጥ ይችላል። በዚያ ላይ ማንም ሰው በየዓመቱ ጉበቱን በመርፌ ተወግቶ እንዲመረመር ሊጠየቅ አይችልም። ክትትል የሚያስፈልገው ደግሞ በየዓመቱ ነው።

ፋይብሮስካን የተባለው ማሽን የመጣው ከዚህ ችግር ውስጥ ነው። ሥሩ ፓሪስ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ማቲያስ ፊንክ በሚመሩት ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ሎራን ሳንድራን፣ ጥንካሬን በሞገድ የመለካቱን ሐሳብ ወደ መሣሪያ ለወጡት። ማሽኑን የሚሠራው ኤኮሴንስ የተባለው ድርጅት በ2001 ተቋቋመ፤ በ2003 የመጀመሪያዎቹ የበሽተኞች ውጤቶች ታተሙ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የፈቀደው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2013 ነው።

አሠራሩ ሁሌም ይደንቀኛል። ጎን ላይ የሚደገፈው የማሽኑ መለኪያ (ፕሮብ ይባላል) በጫፉ ቆዳውን አንዴ ቀስ ብሎ ይመታል። ምቷ በሰከንድ 50 ጊዜ የምትርገበገብ ሞገድ ሆና ወደ ጉበት ትገባለች። ሼር ዌቭ ትባላለች። ከመዓት ዓይነት ሞገድ መካከል ይህችን ልዩ የሚያደርጋት ቀስተኛነቷ ነው። የአልትራሳውንዱ ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይበራል። ሼር ዌቭ በለስላሳ ጉበት ውስጥ የምትሄደው በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ዘና ብሎ ሲራመድ በሚሄድበት ፍጥነት ማለት ነው። ፈጣኑ ድምፅ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየተመላለሰ ቀስተኛዋን ሞገድ እግር በእግር ይከታተላታል። የት እንደደረሰች፣ መቼ እንደደረሰች ይመዘግባል። ፍጥነቷ ከተገኘ ጥንካሬው ተገኘ፤ ምክንያቱም ነገሩ በጠነከረ ቁጥር ሞገዷ ትፈጥናለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፤ አትዝለሏት። ፍጥነቱን በራሱ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ በሦስት ታባዛላችሁ፤ የሚመጣው ኪሎፓስካል ነው። አንድ ሜትር በሰከንድ 3 ኪሎፓስካል ይሆናል። ሁለት ሜትር በሰከንድ 12 ይሆናል። ሦስት ሜትር 27። አያችሁ? ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ቁጥሩ አራት እጥፍ ይሆናል። 1.9 ሜትር በሰከንድ 10.8 ኪሎፓስካል ነው፤ 2.1 ደግሞ 13.2። በሰከንድ ሃያ ሳንቲሜትር ልዩነት ብቻ ናት፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሰውን ከአንድ ሳጥን ወደ ሌላ ሳጥን ታሻግራለች። «ባለፈው 10.8 ነበርኩ፣ አሁን 13.2 ሆኛለሁ፣ ተባባሰብኝ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ እጽፍለታለሁ። ብዙ ጊዜ ፊቱ ይፈታል።

ፋይብሮስካን የጉበትን ምስል አያሳይም። የሚለካው ከቆዳ በታች ከ25 እስከ 65 ሚሊሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ፣ አንድ ሳንቲሜትር ስፋትና አራት ሳንቲሜትር ርዝመት ያለውን ቁራጭ ነው። ይህም ከባዮፕሲ ናሙና ቢያንስ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ወፍራም ለሆነ ሰው ጠለቅ ብሎ የሚደርስ ኤክስኤል የሚባል ፕሮብ አለ። ሌላው ዘዴ በተራው የአልትራሳውንድ ማሽን ውስጥ የሚገባው ነው። እዚያ ቆዳን የሚመታ ነገር የለም። ራሱ የአልትራሳውንዱ ድምፅ ተጠናክሮ ጉበቱን ውስጥ ለውስጥ በጥቂት ማይክሮን ይገፋዋል፤ ሞገዷ ከዚያ ትነሳለች። እኔ በብዛት የምሠራበት ይህኛው ነው፤ የምለካውን ቦታ እያየሁ ስለምለካ። አንዱ ዓይነት አንዲት ነጥብ ይለካል፤ ሌላው ሰፋ ያለ ቦታ በቀለም ያሳያል። ሰማያዊው ለስላሳ፣ ቀዩ ጠንካራ። ቀለሙ ያምራል፤ ለዚያም ነው የምጠነቀቀው። በአግባቡ ያልተለካ ጉበትም ያማረ ቀለም ይወጣዋል።

አሁን ወደ ክፍሉ ግቡልኝ። ሰውየው በጀርባው ተኝቷል። ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ይዘረጋል፤ በጎን አጥንቶቹ መካከል ያለው ቦታ እንዲከፈት ነው። ፕሮቡን በሁለት አጥንቶች መካከል አስገባለሁ። ጉበቱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ሆኖ እስኪታይ ድረስ እጄን ቀስ እያልኩ አዘነብላለሁ። የመለኪያዋን ሳጥን ከሽፋኑ ቢያንስ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ አደርጋለሁ፤ እዚያው ሽፋኑ ሥር ከተለካ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይጨምራል። የደም ሥር ካለ እሸሻለሁ። የግራውን የጉበት ክፍል አልለካም፤ የልብ ምት ያናውጠዋል።

ከዚያ ትንፋሽ አለ። ብዙ ሰው ስለዚህ ምርመራ የማያውቀው ትልቁ ነገር ትንፋሽ ነው።

«አሁን ትንፋሽዎን ይያዙልኝ» ስል ሰው ሁሉ በረጅሙ ይስባል። የደረት ራጅ ያስለመደው ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ ጉንጩን ሞልቶ ይጠብቀኛል። እኔ የምፈልገው ግን ይህን አይደለም። በረጅሙ ሲሳብ በደረትና በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይለወጣል፣ ከጉበት ወደ ልብ የሚሄደው ደም ይገታል፣ ጉበቱ በደም ይወጠራል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ስለዚህ «እንደ ወትሮው ይተንፍሱ፣ ምንም አይጨምሩ» እላለሁ። ደረቱን አያለሁ። ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ «እዚያው ላይ ቆም» እላለሁ። አንዳንዱ እስኪገባው ደጋግመን እንለማመዳለን። አንዲት እናት ደጋግመው በረጅሙ ስለሳቡ ተናደው «ልጄ፣ ትንፋሽ ያዙ ካልሽ እንዴት ነው ሳልስብ የምይዘው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ «ያዙ» የሚለውን ትቼ «ቆም ይበሉ» ማለት ጀመርኩ። ይሻላል።

በፋይብሮስካን አሥር ትክክለኛ ልኬት ይወሰዳል። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው መሃለኛው ይወሰዳል፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ቁጥር መኖር አለበት። አሥሩ ልኬቶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደተራራቁ የሚናገር ነው፤ አይኪውአር በሚዲያን ይባላል፣ በመቶኛ ይጻፋል። 30 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ልኬቱ ይታመናል። ለምሳሌ ሁለት ሰዎች 11.4 አምጥተዋል እንበል። የአንዱ 12 በመቶ ነው፤ ልኬቶቹ ሁሉ እዚያው አካባቢ ናቸው። የሌላው 48 በመቶ ነው፤ አንዱ ልኬት 7 ሲል ሌላው 17 ይላል። የመጀመሪያው ሰው ውጤት አለው። ሁለተኛው ግን ተመልሶ መለካት አለበት። ሆኖም ይህ መቶኛ ጭራሽ ያልተጻፈበት ወረቀት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ማሽኑ ያሰላዋል፣ መጻፉ የሚፈጀው ጊዜ የለም።

ሌላው ባዶ ሆድ ነው። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይበሉ መምጣት ያስፈልጋል። ሰው ሲበላ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚገባው ደም ይጨምራል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይጨምራል። ይህ ለውጥ በተለይ ጠባሳ ያለበት ጉበት ላይ ይጎላል። ቁርሱን በልቶ በቀጥታ የመጣ ሰው ቁጥሩ ሊዋሽበት ይችላል። ቀጠሮ ሲሰጥ ይህን መናገር ደግሞ የእኛ የባለሙያዎቹ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሁሉም በትክክል ተለካ እንበል። ባዶ ሆድ፣ ትክክለኛ ትንፋሽ፣ አሥር ልኬት፣ 10 በመቶ። ቁጥሩ 22 ሆነ። ሲሮሲስ ነው? ገና አልታወቀም።

አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። «ሲሮሲስ ይሆን?» ተብሎ ነው የተላከው። ጉበቱን ለካሁ፤ ቁጥሩ ከ20 በላይ ነው፣ ልኬቶቹም የተስማሙ ናቸው። ግን የጉበቱ ገጽታ ለስላሳ ነው፤ ጉብታ አይታይም። ከጉበት ወደ ልብ የሚሄዱት ደም መላሽ ሥሮች በጣም ሰፍተዋል። ወደ ልብ የሚገባው ትልቁ ሥርም ተወጥሯል፤ ሰውየው ሲተነፍስ መጥበብ ነበረበት፣ አልጠበበም። እግሮቹን አየሁ፤ አብጠዋል። «ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» አልኩት። «ሁለት ትራስ ካልደረብኩ አልተኛም» አለኝ። በሽታው ያለው ልቡ ላይ ነው። ልብ ደሙን መግፋት ሲያቅተው ደም ወደ ኋላ ይመለስና ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። በደም የተወጠረ ጉበት ጠንካራ ነው። ማሽኑ አልዋሸም፤ ጠንካራ ነው አለ፣ ጠንካራ ነው። የልብ ሕክምና ጀምሮ ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ወስዶ ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ጠባሳ በሳምንታት ውስጥ እንዲህ አይጠፋም። መጀመሪያውኑም ያን ያህል ጠባሳ አልነበረም።

የተቆጣ፣ ያበጠ ጉበትም እንዲሁ ነው። ድንገተኛ ሄፓታይተስ የያዘው ሰው ጉበቱ ያብጣል፤ ቁጥሩ የሲሮሲስ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኤኤልቲ የሚባለው ኢንዛይም ከጤነኛው ጣሪያ ከአምስት እጥፍ በላይ ከሆነ ውጤቱን ለደረጃ መስጫ አናውለውም፤ ቁጣው እስኪበርድ እንጠብቃለን። አልኮል በብዛት ሲጠጣ የቆየ ሰውም ካቆመ ከሳምንታት በኋላ ቢለካ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ወርዶ ይገኛል። የሐሞት ቧንቧ ሲዘጋም ጉበት ይጠነክራል፤ ቧንቧው ሲከፈት ይለሰልሳል። አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ጉበት ውስጥ ሲከማችም ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። አራቱም ጋ ማሽኑ ያው ጥንካሬ ነው የሚያየው። ምክንያቱን የሚያገኘው ሰው ነው፤ ኢንዛይሙን፣ ልቡን፣ የሐሞት ቧንቧውን፣ የሰውየውን ታሪክ አይቶ።

ታዲያ ርዕሱ ላይ ያለው 11.4 ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰንጠረዥ ሰውን የሚያሳስተው። ሰንጠረዡ አንድ አይደለማ። የአሜሪካ የአልትራሳውንድ ራዲዮሎጂስቶች ማኅበር በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ በተራው የአልትራሳውንድ ማሽን ለተለካ ጉበት ቁጥሮቹ በአራት አራት ይሄዳሉ። ከ5 በታች ጤነኛ፤ ከ9 በታች ሌላ ምልክት ከሌለ ከባድ የጉበት በሽታ የለም፤ ከ13 በላይ አለ፤ ከ17 በላይ ደግሞ ጉበት ውስጥ የሚያልፈው ደም ግፊቱ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። በዚህ ከሄድን 11.4 መሃል ላይ ያለ፣ ተጨማሪ ምርመራ የሚፈልግ ቁጥር ነው። ባቬኖ ሰባት በመባል የሚታወቀውና በ2022 የታተመው የባለሙያዎች ስምምነት ደግሞ ፋይብሮስካንን ይዞ በአምስት አምስት ይቆጥራል፤ 10፣ 15፣ 20፣ 25። እዚያም 11.4 መሃል ላይ ይወድቃል። ሰውየው ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ በፋይብሮስካን ከ7 በላይ የሆነ ቁጥር ጉልህ ጠባሳ እንዳለ ያመለክታል፤ መድኃኒት ለመጀመርም ይበቃል። ለሲሮሲስ ደግሞ መስመሩ ከ12.5 በላይ ነው። ስለዚህ ያው 11.4 ለአንዱ «እስቲ ጨምረን እንይ» ሲሆን ለሌላው «መድኃኒት እንጀምር» ነው። በስብ ጉበት ላይ ደግሞ ከ8 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ 11.4 ያንን አልፏል። በሽታው ካልታወቀ፣ ማሽኑ ካልታወቀ፣ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም።

ማሽኑ በሌለበት ቦታ ላሉ ሰዎች አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚኖረው እዚያ ነውና። ፊብ ፎር የሚባል ስሌት አለ። ዕድሜ፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች፣ እንዲሁም ፕሌትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ሴሎች ቁጥር ካሉ ይሠራል፤ በየትኛውም ተራ የደም ምርመራ የሚገኙ ናቸው። ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መስመሩ 2 ይሆናል። ከ2.67 በላይ ከሆነ ለጉበት ሐኪም መታየት ያስፈልጋል። ኢላስቶግራፊ በጣም የሚጠቅመው በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ለሚወድቁት ሰዎች ነው። ስልክ ላይ በነፃ የሚሰላ ነገር ነው፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ቁጥሩ ዝቅ ሲልስ? አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ቁጥር እውነተኛ እፎይታ ነው። ይህ ምርመራ ሲሮሲስ የለም በማለት ጎበዝ ነው፤ አለ ከማለት ይልቅ የለም ማለቱ ይታመናል። ግን ፋይብሮስካን ዕጢ አያይም፤ ምስል የለውማ። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ሲሮሲስ ሳይኖርም የጉበት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። «ፋይብሮስካኔ 5 ነው፣ አልትራሳውንድ አያስፈልገኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እንዲህ አይደለም እለዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ካፕ የሚባል ሌላ ቁጥርም ይኖራል፤ እሱ የስብ መለኪያ ነው፣ ከ100 እስከ 400 ይሄዳል። 280 አይቶ ጥንካሬው መስሎት የተደናገጠ ሰው አለ። ሁለቱ አይገናኙም።

ሆድ ውስጥ ውኃ ከተቋጠረ ደግሞ ፋይብሮስካን ጭራሽ አይሠራም። ሼር ዌቭ በፈሳሽ ውስጥ አታልፍም፤ ቆዳው ጋ የተነሳችው ሞገድ ጉበት ሳትደርስ ትቀራለች።

ከሁሉም የምወደውን ሳልናገር አላልፍም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው የጉሮሮው ደም ሥሮች አብጠው በድንገት ሊፈነዱ ይችላሉ። ስለዚህ ድሮ ሲሮሲስ የተገኘበት ሁሉ ኢንዶስኮፒ ይታዘዝለት ነበር፤ ቱቦ በአፍ ይገባል፣ ብዙውም ምንም ሳይገኝበት ይመለሳል። ከ2015 ወዲህ ግን የፋይብሮስካን ቁጥሩ ከ20 በታች፣ ፕሌትሌቱ ከ150,000 በላይ የሆነ ሰው ይህንን ኢንዶስኮፒ መዝለል ይችላል፤ አስጊ እብጠት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ስለሆነ። «ቱቦው አያስፈልግዎትም» ብሎ መናገር እንዴት ደስ እንደሚል! በጎን ላይ በተደረጉ ጥቂት ምቶችና በአንድ የደም ምርመራ ሰው ከዚያ ፍርሃት ይድናል።

ለክትትል የሚመጡ ሰዎችን አንድ ነገር ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ ባለፈው በየትኛው ማሽን ነው የተለካው? የተለያዩ አምራቾች ማሽኖች ያንኑ ጉበት ለክተው የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ባለፈው በአንዱ ዘንድሮ በሌላው ከተለካ፣ ልዩነቱ የጉበቱ ይሁን የማሽኑ መለየት አይቻልም። የሚሻለው እዚያው፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ፕሮብ፣ በባዶ ሆድ መለካት ነው። አሮጌውን ወረቀት አትጣሉ። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ መቶኛው የተጻፈበትን ጥግ ጨምራችሁ።

በቅርቡ አንድ ሰው ሄፓታይተስ ሲን በመድኃኒት ድኖ መጣ። ቫይረሱ ከደሙ ጠፍቷል። ከሕክምናው በፊት ቁጥሩ 21 ነበር፤ አሁን 10 ሆኗል። ደስታው ከፊቱ ያስታውቃል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። «እንግዲህ በየስድስት ወሩ የማደርገውን አልትራሳውንድ ልተወው አይደል?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ቫይረሱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚበርደው ቁጣው ነው፤ ከ21 ወደ 10 የወረደው ብዙው ክፍል የእሱ ነው። ጠባሳው የሚቀንስ ከሆነ የሚቀንሰው በዓመታት ነው፤ የካንሰሩ ሥጋት ደግሞ ቢያንስም አይጠፋም። ሲሮሲስ ላይ የደረሰ ሰው ከቫይረሱ ከዳነም በኋላ በየስድስት ወሩ ለካንሰር መታየቱን ይቀጥላል። ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ «ታዲያ መቼ ነው የምመለሰው?» አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ ያለውን ቀጠሮ ጻፍኩለት።